እንሰት ሙዝ ነው ወይስ አይደለም? የአንድ ወገንና የአንድ ቤተሰብ አመዳደብ ክርክር ታሪክ

በጉራጌ ዞን በእዣ ወረዳ፣ በአገና ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የቤቱ ፊት ወደ ጀፎረው ያያል፤ ጓሮው የእንሰት ነው። በዚያ ጓሮ ለሚሠሩ ሰዎች እንሰትንና ሙዝን ማምታታት የሚታሰብ ነገር አይደለም። የሙዝ ምግቡ ፍሬው ነው፤ የእንሰት ምግቡ ግን ከግንዱና ከአሚቾው ተፍቆ፣ ተጨምቆና ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ የሚገኘው ቆጮና ቡላ ነው። ሙዝ ልጆቹን ከሥሩ በራሱ ጊዜ ያወጣል፤ እንሰት ግን ግንዱ ተቆርጦ፣ የመሐል ቡቃያው ወጥቶና አሚቾው አፈር ለብሶ ካልተቀመጠ በቀር ብዙውን ጊዜ ልጅ አይሰጥም። ይህን የማያውቅ የእንሰት ገበሬ የለም።

በዕፅዋት ሳይንስ ግን ይኸው ልዩነት የወገን ልዩነት መሆኑ በሰፊው ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ከ150 ዓመት በላይ ወስዷል። የክርክሩ ታሪክ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ስለ እንሰት የተጻፈው ሳይንሳዊ ሥራ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ስሞች ተበታትኖ የሚገኝበትን ምክንያት ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ዛሬ ከዝርያ በታች ባለው ደረጃ፣ ማለትም ገበሬው በስም በሚለያቸው የእንሰት ዓይነቶች ላይ፣ ተመሳሳይ ክርክር እየተካሄደ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ «ወገን» የሚለው ቃል ጂነስ ለሚባለው ደረጃ፣ «ቤተሰብ» ፋሚሊ ለሚባለው፣ «ዝርያ» ደግሞ ስፒሽስ ለሚባለው ውሏል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሩስ ሙግት

እንሰት ከሙዝ ጋር መመሳሰሉን መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈሩት የዕፅዋት ሊቃውንት አልነበሩም። በ17ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ የቆዩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን፣ ማኑኤል ደ አልሜዳና ዠሮኒሞ ሎቦ፣ ተክሉን ጠቅሰውታል። ይሁን እንጂ ወደ ምደባ ክርክር ያስገባው እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን ከነሥዕሉ አቅርቦ፣ በጎንደር በሰማው ስም «እንሰት» ብሎ ጠራው። ሥዕሉን ያዩ አንዳንድ ሰዎች በምሥራቅ አገሮች ከሚያውቁት ሙዝ ጋር አመሳስለው የሙዝ ዓይነት ነው እንዳሉትም ጠቅሶ፣ ይህ ያለ ምክንያት የተባለ ነው ሲል ተከራከረ።

የብሩስ ማስረጃ ዋናው ስለ አጠቃቀም ነው፦ የሙዝ ፍሬ ምግብ ነው፣ የእንሰት ፍሬ ግን አይበላም፤ የሚበላው አካሉ ነው። ይህ ሙግት በአመክንዮ ደረጃ ሲመዘን ደካማ ነው። ዱር በቀል የሆኑ የሙዝ ዝርያዎችም ፍሬያቸው በጠንካራ ዘር የተሞላ ስለሆነ ለምግብነት እምብዛም አይመችም፤ በአጠቃቀም ብቻ ከተለየ እነርሱም ከሙዝ ወገን ሊወጡ ነው። ድምዳሜው ግን ትክክል ነበር። ትክክለኛ ድምዳሜ በደካማ ማስረጃ ላይ ሲቆም ምን እንደሚገጥመው ብዙም ሳይቆይ ታየ።

በ1791 ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪሽ ግሜሊን የሊኔየስን «ሲስቴማ ናቱሬ» ለ13ኛ ጊዜ ሲያዘጋጅ፣ የብሩስን ተክል «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎ በሙዝ ወገን ውስጥ አስገባው። ግሜሊን ተክሉን በበቀለበት አገር አላየውም፤ የተመሠረተው በብሩስ መግለጫ ላይ ነው። እንዲህ በመሆኑ አንባቢ በግሜሊን ሊፈርድበት ይችላል፤ ሆኖም በዘመኑ መለኪያ ሲታይ ሥራው ምክንያት አልባ አልነበረም። የሊኔየስ ሥርዓት የሚያየው አበባንና ፍሬን እንጂ ሰው ተክሉን ምን እንደሚያደርገው አይደለም፤ በዚያ በኩል ደግሞ እንሰትና ሙዝ እጅግ ይቀራረባሉ። (በነገራችን ላይ «ሙሳ» የሚለው የላቲን ስምና አማርኛው «ሙዝ» ከአንድ የዓረብኛ ቃል የመጡ መሆናቸውን ብዙዎች ይቀበላሉ፤ ከሮማዊው ሐኪም ከአንቶኒዮስ ሙሳ ጋር የሚያያይዙትም አሉ።)

ከስም ወደ ወገን

ለቀጣዮቹ ሰባ ዓመታት የግሜሊን ስም ጸና። በ1853 በምጽዋ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ዘር ልኮ በለንደን አቅራቢያ በኪው የዕፅዋት ማዕከል እንሰት በበቀለና ባበበ ጊዜ እንኳ፣ በ1861 በከርቲስ የዕፅዋት መጽሔት ላይ የወጣው በሙዝነቱ ነበር። ሕያው ተክል አጠገብ መቆም ብቻውን ክርክሩን አልፈታም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1862፣ በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ፓቬል ሆራኒኖቭ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ ራሱን የቻለ ወገን አደረገውና «ኤንሴቴ» የሚለውን የብሩስን ቃል የወገን ስም አድርጎ አቆመው። ዝርያውንም «ኤንሴቴ ኤዱሌ» አለው፤ «የሚበላው እንሰት» ማለት ነው። ዛሬም የወገኑ ስም በሙሉ ሲጻፍ የብሩስ ስም ከሆራኒኖቭ ስም ይቀድማል። የሆራኒኖቭ ሐሳብ ግን ሰሚ አላገኘም። በ1893 በኪው የነበረው ጆን ጊልበርት ቤከር የሙዝ ወገንን ሲያደራጅ እንሰትንና መሰሎቹን «ፊዞካውሊስ» በሚል ንኡስ ወገን ሥር መልሶ ወደ ሙዝ አስገባቸው። በ1900 ካርል ሹማን ባዘጋጀው ሰፊ ሥራም ይኸው አካሄድ ቀጠለ። ስሙ «ግንዱ ያበጠ» የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ ልዩነቱ በደንብ መታየቱን ይመሰክራል፤ የጠፋው መግባባት ልዩነቱ ምን ያህል ይመዝናል በሚለው ላይ ነበር። የምደባ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ተክል እያዩ መስመሩን የት እናስምር በሚለው ይለያያሉ።

መስመሩን ያጸናው ኧርነስት ቺዝማን ነው። ቺዝማን ለሙዝ ማዳቀል ሥራ በትሪኒዳድ የቆየ ሰው በመሆኑ፣ ጥያቄው ለእርሱ የደረቀ ናሙና ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ተክል ከየትኛው ጋር ሊዳቀል ይችላል የሚል ተግባራዊ ጥያቄም ነበር። በ1947 በኪው ቡለቲን በጀመረው የሙዞች አመዳደብ ተከታታይ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ክፍል ለእንሰት ሰጠ። ያቀረባቸው መለያዎች እርስ በርስ የተደጋገፉ ናቸው። እንሰት በተፈጥሮው ልጅ አያወጣም፤ አንድ ጊዜ አብቦ ፍሬ ከሰጠ በኋላ ተክሉ በሙሉ ይሞታል። ሙዝም ያፈራው ግንድ ይሞታል፣ ሆኖም ከሥሩ የወጡት ልጆች ሕይወቱን ያስቀጥላሉ። የእንሰት አበባና አበባውን የሚሸፍነው ቅጠል ከዘንጉ ጋር አንድ ሆነው የተያያዙ ናቸው፤ በሙዝ ግን ለየብቻ ተተክለው በየጊዜያቸው ይረግፋሉ። የእንሰት ዘር ትልቅ ነው። የክሮሞሶም ቁጥሩም ይለያል፦ የእንሰት መሠረታዊ ቁጥር 9 ሲሆን፣ በሙዝ ወገን ግን 10 እና 11 የተለመዱ ናቸው።

ከእነዚህ መለያዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ልጅ አለማውጣትና አንድ ጊዜ አፍርቶ መሞት፣ በእንሰት አገር የሚኖር ገበሬ ሥራውን ሁሉ የሚያደራጅባቸው እውነቶች ናቸው። እንሰት አብቦ ሳይሞት መፋቅ አለበት፤ አዲስ ተክል ሲያስፈልግ አሚቾ መቅበር ግድ ነው። ብሩስ ስለሚበላውና ስለማይበላው ከመከራከር ይልቅ ተክሉ እንዴት እንደሚባዛ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሙግቱ ከግሜሊን ብዕር የተሻለ ዕድል ያገኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ለምን «ቬንትሪኮሱም»?

ቺዝማን ወገኑን ሲመልስ የዝርያው ስም ሌላ እንቆቅልሽ ሆነ። በዕፅዋት ስያሜ ሕግ መሠረት አንድ ዝርያ ከወገን ወደ ወገን ሲዛወር ቀድሞ የወጣለትን የዝርያ ስም ይዞ ይሄዳል። ቀዳሚው ስም የግሜሊን «ኤንሴቴ» ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስም «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» መሆን ነበረበት። የዕፅዋት ሕግ ግን የወገንና የዝርያ ስም አንድ ቃል እንዲሆን አይፈቅድም። የእንስሳት ሕግ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ነው «ጎሪላ ጎሪላ» የሚባል እንስሳ ያለው። እንሰት ከእንስሳት ወገን ቢሆን ኖሮ በአገሩ ስም ሁለት ጊዜ ይጠራ ነበር።

ቀዳሚው ስም በሕግ ሲዘጋ ተከታዩ ይፈለጋል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቬልቪች በአንጎላ ባገኘው ተክል ላይ በ1859 «ሙሳ ቬንትሪኮሳ»፣ «ሆዳሙ ሙዝ» እንደ ማለት፣ የሚል ስም አውጥቶ ነበር። የሆራኒኖቭ «ኤዱሌ» የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የአንጎላውና የኢትዮጵያው ተክል አንድ ዝርያ ናቸው ከተባለ ቅድሚያ የሚያገኘው የቬልቪች ስም ነው። እንዲህ ሆኖ ተክሉ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ተባለ። በ1953 ቤከርና ሲመንድስ (ይህ ቤከር ከላይ ከተጠቀሰው ሌላ ነው) የአፍሪካን እንሰቶች ሲከልሱ ይህንኑ ስም በስፋት ተጠቀሙበት።

ውጤቱ ትንሽ አስገራሚ ነው። የወገኑ ስም ከኢትዮጵያ፣ የዝርያው ስም ከአንጎላ ሆነ። ስሙ የቆመበት ናሙናም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከሚመገበው የእርሻ እንሰት የመጣ ሳይሆን፣ ማንም እንደ ዋና ምግብ ከማያርሰው ከደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው። የጤፍ ዕጣ ከዚህ ይለያል፦ በ1775 ዙካኚ «ፖአ ጤፍ» ብሎት፣ በ1918 ትሮተር ወደ ኤራግሮስቲስ ወገን ሲያዛውረው የወገኑ ስም ሌላ ስለነበረ «ጤፍ» የሚለው ስም ያለ ችግር ተከትሎት ሄደ። ኮረሪማም በ1981 ወደ አፍራሞሙም ወገን ሲገባ የአገር ስሙን አልተነጠቀም። እንሰት የዝርያ ስሙን ያጣው የአገር ስሙ ከፍ ብሎ የወገን ስም በመሆኑ ነው።

ይህ የስም ጉዞ ለተመራማሪ የሚያስከትለው ችግር ተጨባጭ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ የወጡ ጽሑፎች አንዳንዶቹ «ሙሳ ኤንሴቴ»፣ ሌሎቹ «ኤንሴቴ ኤዱሌ»፣ ሌሎቹ ደግሞ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ይላሉ። በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቀደመውን ሥራ ከፊሉን ሳያይ «ያልተጠና ጉዳይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ቤተሰቡና በሽታው

ከወገኑ በላይ ያለው ክርክር አጭር አይደለም፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን አንድ ነጥብ ይበቃል። የሙዝ ቤተሰብ፣ ሙሳሴ፣ ቀድሞ ሰፊ ነበር፦ በአበባ አትክልት ቦታዎች የሚታየውን ስትሬሊትዚያን፣ ሄሊኮኒያንና የማዳጋስካሩን ራቬናላን ጭምር ይይዝ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እነዚህ እየተነጠሉ የየራሳቸው ቤተሰብ ተሰጣቸው፤ ሃቺንሰን በ1934 ስትሬሊትዚያን፣ ናካይ በ1941 ሄሊኮኒያን ለዩ። በቤተሰቡ ውስጥ የቀሩት ሙዝ፣ እንሰትና በቻይና የሚበቅለው ሙሴላ ናቸው። ሙሴላ ራሱ የወገን ተንከራታች ነው፦ በ1889 ሙዝ ተባለ፣ ቺዝማን እንሰት አደረገው፣ ሲመንድስ ወደ ሙዝ መለሰው፣ በ1978 ደግሞ ራሱን ቻለ። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናቶች ለእንሰት ይበልጥ እንደሚቀርብ ያሳያሉ። ስለዚህ ቺዝማን ያየው ዝምድና ከንቱ አልነበረም።

የቤተሰብ ድንበር ከወረቀት ወጥቶ ወደ ጓሮ የሚገባው በበሽታ በኩል ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ከኢትዮጵያ እንሰት ለይተው «ዛንቶሞናስ ሙሳሴያሩም» አሉት፤ «የሙዝ ቤተሰብ ዛንቶሞናስ» እንደ ማለት ነው። በ1974 በዚሁ በኢትዮጵያ በሙዝ ላይ መገኘቱን ዘገቡ። በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ታየና በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ከባድ ጥፋት አደረሰ። ሁለቱን ተክሎች በሁለት ወገን የለየው ምደባ ትክክል ቢሆንም፣ በአንድ ቤተሰብ ያስቀራቸው ምደባ ለባክቴሪያው ይበልጥ የሚገባው ይመስላል። የባክቴሪያውም ስም እንደ ተክሉ አላረፈም፦ አንድ ጊዜ በ«ካምፔስትሪስ»፣ በቅርቡ ደግሞ በ«ቫሲኮላ» ዝርያ ሥር ተመድቧል። «ሙሳሴያሩም» የሚለው መለያ ግን እስካሁን አብሮት አለ።

ከዝርያ በታች

የእርሻ እንሰት በሙሉ አንድ ዝርያ ነው በሚለው ዛሬ የጎላ ክርክር የለም። ክርክሩ ወደ ታች ወርዷል። ተክሉ በጉራጊኛ «አሰት»፣ በሲዳምኛ «ወሴ»፣ በኦሮምኛ «ወርቄ» ይባላል፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ ሥር ደግሞ ብዙ የዓይነት ስሞች አሉ። በጉራጌ ጓሮዎች «ጓርዬ» እና «አስታራ» በመድኃኒትነታቸው ተለይተው ይታወቃሉ፤ ሌሎቹ ለቆጮ፣ ለቃጫ ወይም ለአሚቾ ይመረጣሉ። ገበሬዎች የሚለዩአቸው በግንዱና በቅጠሉ አከርካሪ ቀለም፣ በቅጠሉ አቋም፣ በዕድገት ፍጥነትና በጣዕም ነው። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከተለያዩ አካባቢዎች የሰበሰባቸው ዓይነቶች ከ600 በላይ ናቸው። ጥያቄው ከ600 በላይ ስም ማለት ከ600 በላይ የተለያየ ተክል ማለት ነው ወይ የሚለው ነው።

አልማዝ ነጋሽና ባልደረቦቿ በ2002 ከከፋና ሸካ፣ ከሲዳማ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የተሰበሰቡ 146 ዓይነቶችን በዲ.ኤን.ኤ. ምልክት መርምረው፣ 58ቱ በ21 የተመሳሳይ ተክል ቡድኖች ውስጥ እንደሚወድቁ አገኙ። አንድ ተክል በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ስሞች ይጠራል ማለት ነው። ይህን ውጤት የገበሬው ምደባ ስህተት ነው ብሎ ማንበብ ግን የግሜሊንን መንገድ መድገም ነው። አንደኛ፣ ከ146ቱ 88ቱ በተጠቀመው ዘዴ ልዩ ሆነው ተገኝተዋል፤ በዓይንና በእጅ ለተሠራ ምደባ ይህ ትንሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ የተመሳሰሉት ሁሉ በእርግጥ አንድ ናቸው ለማለት የዘዴው አቅም ይወስነዋል፤ ጥቂት ምልክቶችን የሚያይ ዘዴ ጥቂት ልዩነቶችን ያያል። ሦስተኛ፣ ተክሉ ከአካባቢ ወደ አካባቢ በጋብቻ፣ በስጦታና በገበያ ሲዘዋወር ስሙ ቢለወጥ የሚጠበቅ ነው፤ ስሙ የሚመዘግበው የመጣበትን መንገድም ጭምር ነው።

ሌላም መልስ ያላገኘ ጉዳይ አለ። ጃፓናዊው ማሳዮሺ ሺጌታ በአሪ ሕዝብ ዘንድ ባደረገው ጥናት ዱር በቀል እንሰት ከጓሮው እንሰት ጋር ያለውን ግንኙነትና ሕዝቡ የዱሩን ሥፍራ እንዴት እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ዓይነቶቹ በአሚቾ ብቻ ቢባዙ ኖሮ አዲስ ዓይነት ከየት ይመጣል? በዘር የበቀለ አንድ ተክል ወደ ጓሮ ገብቶ ስም ካገኘ፣ እርሱ የቀደመው ዓይነት ልጅ ነው ወይስ አዲስ ዓይነት? የዕፅዋት ሕግ ለዚህ ደረጃ መልስ የለውም፤ ለእርሻ ተክሎች የወጣው የተለየ የስያሜ ደንብ አለ፣ ነገር ግን ደንቡ የሚፈልገው የታተመ መግለጫ ነው፤ አብዛኛው የእንሰት ዓይነት ደግሞ በቃል እንጂ በጽሑፍ አልተመዘገበም።

ስለዚህ ከአገና ዙሪያ የተወሰደ አንድ የእንሰት ልጅ «ጓርዬ» ተብሎ ብቻ ወደ ስብስብ ቢገባ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያየው ተመራማሪ በብሩስ ሥዕል ፊት እንደ ቆመው ግሜሊን ይሆናል። ከስሙ ጋር የተሰበሰበበት መንደርና ከፍታ፣ ተክሉን የሰጠው ሰው ከየት እንዳመጣው የተናገረው ቃል፣ የሰጪው ቋንቋ፣ በምን ምልክት እንደለየው፣ ተክሉ በአሚቾ ወይም በዘር መምጣቱ፣ ከጎኑ ምን ዓይነት እንደ ነበረ አብሮ መጻፍ አለበት። የቅጠሉ የደረቀ ናሙና ብዙ አይረዳም፤ የእንሰት ቅጠል ለናሙና ወረቀት እጅግ ትልቅ ነው፣ መለያ የሆነው የግንዱ ቀለምም ሲደርቅ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ፎቶግራፍ በአረንጓዴነቱ፣ ከግንዱ ሥር እስከ ቅጠሉ ጫፍ፣ ተክሉ በጓሮው እንደቆመ ሊነሳ ይገባል።